የማይንክራፍት አበቦች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማይንክራፍት የሚጫወት ሰው አበባ ሲያይ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ዓይኑ ያለው ብረት ላይ ነው፣ ዳይመንድ ላይ ነው። እኔ ግን አዲስ ዓለም ስከፍት መጀመሪያ ከምሰበስባቸው ነገሮች አንዱ አበባ ነው። ምክንያቱም በዚህ ጌም ውስጥ አበባ ቀለም ነው፣ ምግብ ነው፣ ማር ነው፣ ሲጠራቀም ደግሞ ኤመራልድ ነው፣ ማለትም የጌሙ መገበያያ። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ጀማሪዎችም የቆዩ ተጫዋቾችም ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው።

አበቦቹን የጠራኋቸው ጌሙ ላይ በምታዩት ስማቸው ነው፣ ፈልጋችሁ ለማግኘት እንዲመቻችሁ። ጃቫ ስል ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚሠራውን ነው። ቤድሮክ ስል ደግሞ ስልክ፣ ኤክስቦክስ፣ ፕሌይስቴሽንና የመሳሰሉት ላይ ያለውን ነው። በሁለቱ መካከል ልዩነት ሲኖር እነግራችኋለሁ።

አበባ ለጌጥ ብቻ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ዋናው ጥቅሙ ቀለም ነው። ቀጥሎ ንብ ይመጣል፤ ያለ አበባ ማር የለም። ከእንጉዳይ ጋር ሲቀላቀል ሾርባ ይሆናል። ዳንዴሊየን ጥንቸል ለማራባት ያገለግላል። ኦክስአይ ዴይዚ ከወረቀት ጋር ሲገጣጠም ባነር ላይ የአበባ ቅርጽ የሚያወጣውን ፓተርን ይሰጣችኋል። የተረፈው ኮምፖስተር (ተክል ወደ ማዳበሪያ የሚቀይር ሳጥን) ውስጥ ገብቶ ቦን ሚል የሚባለው ማዳበሪያ ይሆናል፣ ቦን ሚሉ ደግሞ ተመልሶ አበባ ያበቅላል። ጌጥነቱ በዚህ ሁሉ ላይ ምርቃት ነው።

የትኛው አበባ የትኛውን ቀለም ይሰጣል?

ጌሙ ውስጥ 16 ቀለም አለ። ከእነዚህ 12ቱ በቀጥታ ከአበባ ይገኛሉ። አበባውን ክራፍቲንግ (ዕቃ የሚሠራበት ሰንጠረዥ) ላይ ብቻውን ማስቀመጥ ነው፣ ሌላ ምንም አይጨመርበትም።

ቢጫ ከዳንዴሊየን ይወጣል፣ ከሰንፍላወር ደግሞ በአንዴ ሁለት። ቀይ ከፖፒና ከቀይ ቱሊፕ ይወጣል፣ ከሮዝ ቡሽ ሁለት። ፒንክ ከፒንክ ቱሊፕ፣ ከፒንክ ፔታልስ፣ ከካክተስ ፍላወር፤ ከፒዮኒ ሁለት። ማጀንታ ከአሊየም፣ ከላይላክ ሁለት። እስካሁን እንዳያችሁት ሁለት ብሎክ ከፍታ ያላቸው አበቦች ሁለት ቀለም ነው የሚሰጡት፣ ስለዚህ ስታገኟቸው አትለፏቸው።

ብርቱካናማ ከብርቱካናማ ቱሊፕ ወይም ከቶርችፍላወር ነው። ፈዛዛ ሰማያዊ ከብሉ ኦርኪድ፣ ደማቁ ሰማያዊ ከኮርንፍላወር። ነጭ ከሊሊ ኦፍ ዘ ቫሊ። ጥቁር ከዊዘር ሮዝ። ሳያን ከፒቸር ፕላንት፣ እሱም ሁለት። ግራጫ ከተዘጋ አይብሎሰም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፈዛዛ ግራጫ ላይ ነው። ነጭ ቱሊፕ፣ አዙር ብሉየትና ኦክስአይ ዴይዚ ሦስቱም ነጭ ይመስላሉ፣ የሚሰጡት ግን ፈዛዛ ግራጫ ነው። ንጹህ ነጭ የምትፈልጉ ከሆነ ወይ ሊሊ ኦፍ ዘ ቫሊ ፈልጉ፣ ወይ ቦን ሚል ወደ ነጭ ቀለም ቀይሩ፤ ሁለተኛው በጣም ይቀላል።

የቀሩት አራቱ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ላይምና ሐምራዊ ናቸው። አረንጓዴ ቁልቋል ምድጃ ውስጥ በማቃጠል ይገኛል። ቡናማ ከካካዎ ፍሬ ነው። ላይም አረንጓዴና ነጭ ሲቀላቀሉ ነው። ሐምራዊ ግን ቀይና ሰማያዊ በመቀላቀል ስለሚሠራ ፖፒና ኮርንፍላወር ካላችሁ እሱም ከአበባ መጣ ማለት ነው።

የምፈልገውን አበባ የት ላግኘው?

ዳንዴሊየንና ፖፒ ሳር ባለበት ቦታ ሁሉ ማለት ይቻላል አሉ። ቱሊፕ ሜዳማ ቦታና ፍላወር ፎረስት የሚባለው የአበባ ጫካ ውስጥ ነው። ኮርንፍላወር፣ አዙር ብሉየትና ኦክስአይ ዴይዚ እነዚሁ ቦታዎች ላይና ተራራ አጠገብ ባለው ሜዶው ላይ ይገኛሉ። አሊየም ሜዶውና ፍላወር ፎረስት ላይ። ሮዝ ቡሽ፣ ላይላክ፣ ፒዮኒና ሊሊ ኦፍ ዘ ቫሊ የጫካ አበቦች ናቸው።

ብሉ ኦርኪድ ረግረግ ውስጥ ብቻ ነው የሚበቅለው። ሰንፍላወር በራሱ ስም በተጠራው ሜዳ፣ ሰንፍላወር ፕሌንስ ላይ ብቻ። ፒንክ ፔታልስ ቼሪ ዛፍ ስር እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ታገኙታላችሁ።

ለመፈለግ ጊዜ ከሌላችሁ ግን አንድ ፍላወር ፎረስት ፈልጉ። ይህ ባዮም (የተፈጥሮ አካባቢ ዓይነት) ከ2013ቱ ዝማኔ 1.7.2 ጀምሮ ያለ ነው። ከብሉ ኦርኪድ፣ ከሰንፍላወርና በልዩ መንገድ ከሚገኙት ጥቂቶች በቀር ሁሉንም የተለመዱ አበቦች እዚያ አንድ ላይ ታገኛላችሁ። ለእኔ ከጌሙ ባዮሞች ሁሉ ቆንጆው እሱ ነው፣ መኖሪያ ቤት ለመሥራትም ከእሱ አጠገብ ያለ ቦታ እመርጣለሁ።

ረግረግ ጠፍቶባችሁ ብሉ ኦርኪድ ካስፈለጋችሁ ሁለት ላማ አስከትሎ የሚዞረውን ነጋዴ ተመልከቱት። አንዳንዴ አንዱን አበባ በ1 ኤመራልድ ይሸጣል። ለሌላ አበባ ይህን ያህል መክፈል አይገባም፣ ለብሉ ኦርኪድ ግን ያስኬዳል።

ቤቴ አጠገብ ተክዬው ነበር፣ ግን አይበዛም። ውሃ ይፈልጋል?

ውሃ አይፈልግም፣ ጊዜም አያበዛውም። የማይንክራፍት አበባ በተተከለበት ቦታ እንዳለ ይኖራል። አይደርቅም፣ በራሱም አይዛመትም። እንዲያውም ወራጅ ውሃ ከነካው ተነቅሎ ይወድቃል። አፈር፣ ሳር፣ ሞስ ወይም ጭቃ ላይ ይተከላል፤ አሸዋና ድንጋይ ላይ እምቢ ይላል። የሚያበዛው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ቦን ሚል።

እሺ፣ በቦን ሚል እንዴት ነው በብዛት የማመርተው?

እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም ላድርገው፣ ምክንያቱም ሰው ቦን ሚሉን በከንቱ የሚጨርሰው ይህን ባለማወቅ ነው።

መጀመሪያ ረጃጅሞቹ። ሮዝ ቡሽ፣ ላይላክ፣ ፒዮኒና ሰንፍላወር ላይ ቦን ሚል ስታደርጉ አበባው እንዳለ ሆኖ ሌላ አንድ አበባ መሬት ላይ ይጥልላችኋል። ሁልጊዜ። በጃቫም በቤድሮክም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ካገኛችሁ ለዘለዓለም በቃችሁ። ከጫካ ውስጥ አንድ ሮዝ ቡሽ ይዛችሁ ኑና ቤታችሁ አጠገብ ትከሉት፣ ከዚያ በኋላ ቀይ ፍለጋ መንከራተት ቀረ። ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ አንድ አጥንት 3 ቦን ሚል ይሆናል፣ 3 ቦን ሚል 3 ሮዝ ቡሽ፣ 3 ሮዝ ቡሽ 6 ቀይ ቀለም። አንድ ቀለም 8 ኮንክሪት ፓውደር ስለሚሠራ ከአንድ አጥንት የተነሳ 48 ቀይ ኮንክሪት ትሠራላችሁ ማለት ነው። የስኬሌተን ስፖነር (አጥንት የሚጥሉ አጽሞች የሚወጡበት ብሎክ) ያገኘ ሰው የቀለም ፋብሪካ አገኘ የምለው ለዚህ ነው።

ዲስፔንሰር (ውስጡ ያለውን የሚተፋ ሳጥን) ውስጥ ቦን ሚል ሞልታችሁ ፊቱን ወደ አበባው ብታዞሩት በቁልፍ ወይም በሬድስቶን ክሎክ (በየተወሰነ ጊዜ ምልክት በሚልክ ዑደት) ብቻውን ይሠራል። ስር ሆፐር ካደረጋችሁለት የወደቀውን እየለቀመ ሳጥን ውስጥ ያስገባላችኋል።

ትንንሾቹ ላይ ጃቫና ቤድሮክ ይለያያሉ። ቤድሮክ ላይ አብዛኞቹን ትንንሽ አበቦች በቀጥታ ቦን ሚል ብታደርጉባቸው ዙሪያቸውን ያንኑ ዓይነት ያበቅላሉ። በስልክ የምትጫወቱ ዕድለኞች ናችሁ፤ አንድ ኮርንፍላወር ይዛችሁ ሙሉ ማሳ ታደርጉታላችሁ። ጃቫ ላይ ግን ትንሹን አበባ ቦን ሚል ብታደርጉት ምንም አይሆንም። እዚያ ቦን ሚሉን የምታደርጉት ሳሩ ላይ ነው፣ የሚበቅለውም በባዮሙ ይወሰናል። ረግረግ ውስጥ ሳር ላይ ብታደርጉ ከሳሩ መካከል ብሉ ኦርኪድ ይወጣል።

ፍላወር ፎረስት ውስጥ ደግሞ የሚገርም ነገር አለ። ጃቫ ላይ የትኛው አበባ የት እንደሚበቅል በቦታው የተወሰነ ነው። አንድ ብሎክ ላይ አሊየም ከወጣ ቆርጣችሁ እንደገና ቦን ሚል ብታደርጉም እዚያ ብሎክ ላይ የሚወጣው አበባ አሊየም ነው። ስለዚህ የምትፈልጉት አበባ በዝቶ የሚታይበትን ቦታ ምረጡ፣ እዚያው ላይ ዲስፔንሰራችሁን ትከሉ፣ ከዚያ ውሃ ለቅቃችሁ የበቀለውን በሙሉ ጠርጋችሁ ሰብስቡ። ውሃ አበባ እንደሚነቅል ከላይ ያልኩት እዚህ ጋ ይጠቅማል።

ፒንክ ፔታልስም ቀላል ነው። አንድ ብሎክ ላይ እስከ 4 ይደራረባል፤ አራት ከሞላ በኋላ ቦን ሚል ሲጨመርበት ትርፉን ይጥላል።

ቦን ሚሉ ራሱ ካለቀብኝስ?

አጥንት ከሌላችሁ ኮምፖስተር አለ። አብዛኞቹ አበቦች እያንዳንዳቸው 65 በመቶ ዕድል ነው ያላቸው አንድ ደረጃ ለመሙላት፣ ለአንድ ቦን ሚል ደግሞ 7 ደረጃ ያስፈልጋል። በአማካይ ከአስር ያላነሰ አበባ ለአንድ ቦን ሚል ማለት ነው። አበባ ለቅሞ ኮምፖስተር ውስጥ መክተት አያዋጣም። አይረን ፋርም (አይረን ጎለም የሚባለውን የብረት ፍጡር እየገደለ ብረት የሚሰበስብ ግንባታ) ካላችሁ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። አይረን ጎለም ሲሞት ከብረቱ ጋር እስከ 2 ፖፒ ስለሚጥል ሳጥናችሁ በፖፒ ይጥለቀለቃል። ያንን ሁሉ በሆፐር ወደ ኮምፖስተር ላኩት።

ይህን ሁሉ ቀለም ምን ላድርገው?

ሱፍ፣ አልጋ፣ ምንጣፍ፣ መስታወት፣ ቴራኮታ፣ ኮንክሪት፣ ሻማ፣ ሸልከር ቦክስ፣ የቆዳ ልብስ፣ የውሻና የድመት የአንገት ማሰሪያ፣ ምልክት ላይ የሚጻፍ ጽሑፍ፣ ሁሉም ይቀባል። ሱፍ በሚመለከት አንድ ምክር አለኝ፦ ሱፉን አትቅቡ፣ በጉን ቅቡት። በአንድ ቀለም አንዴ የተቀባ በግ በተሸለተ ቁጥር ያንኑ ቀለም ያበቅላል፣ ግልገሉም ይወርሰዋል። መስታወትና ቴራኮታ በአንድ ቀለም 8 ስለሚቀቡ እነሱ ላይ ቀለም አይባክንም።

ከዚያ ደግሞ ንግድ አለ። ሉም የተባለውን ዕቃ መንደር ውስጥ ብታስቀምጡ ሥራ የሌለው መንደርተኛ እረኛ ይሆናል። እረኛው ደረጃው እያደገ ሲሄድ ቀለም መግዛት ይጀምራል፣ ጃቫ ላይ 12 ቀለም በ1 ኤመራልድ። ቀይ የሚገዛ እረኛና አንድ ሮዝ ቡሽ ካላችሁ 6 ቦን ሚል አንድ ኤመራልድ ሆነ ማለት ነው፣ አጥንት ቢሆን ሁለት አጥንት ብቻ። ኤመራልድ ፍለጋ ተራራ የምትቆፍሩ ሰዎች እባካችሁ ይህን ሞክሩት።

ሰስፒሽየስ ስቱ ምንድን ነው? መብላት አለብኝ?

ቀይ እንጉዳይ፣ ቡናማ እንጉዳይ፣ የእንጨት ሳህንና አንድ አበባ ሲገናኙ የሚሠራ ሾርባ ነው። አራት ነገር ብቻ ስለሆነ ክራፍቲንግ ቴብል እንኳ አያስፈልግም፣ ኢንቬንተሪያችሁ ላይ ይሠራል። ጠግባችሁም ቢሆን ይበላል። የሚለየው ግን አበባው በሚሰጠው ባሕርይ ነው፣ ሰርቫይቫል በሚባለው መደበኛ አጨዋወት ላይ ደግሞ የየትኛው አበባ እንደሆነ አይጻፍላችሁም።

በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠው የዳንዴሊየንና የብሉ ኦርኪድ ነው። ሁለቱም ሳቹሬሽን ይሰጣሉ፣ ማለትም በአንድ ሳህን ረሃባችሁን ከመሙላት አልፎ ለረጅም ጊዜ እንዳትራቡ ያደርጋሉ። ዳንዴሊየን የሌለበት አገር የለም፣ እንጉዳይም ጨለማ ጫካ ውስጥ ሞልቷል። ገና ስትጀምሩ፣ ከብት ሳታረቡና ስንዴ ሳትዘሩ፣ ይህ ሾርባ ከብዙ ችግር ያወጣችኋል። ጉድለቱ አንድ ነው፣ አይደራረብም፤ አንዱ ሳህን አንድ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ የተዘጋጀውን ሾርባ ሳይሆን እንጉዳዩን፣ አበባውንና ሳህኑን ለየብቻ ይዛችሁ መሄድና ሲርባችሁ መሥራት ይሻላል።

ኦክስአይ ዴይዚ ሪጀኔሬሽን ይሰጣል፣ ስትጎዱ ይረዳል። ኮርንፍላወር ዝላይ ይጨምራል። አሊየም ከእሳት ይከላከላል፣ ፖፒና ቶርችፍላወር በጨለማ ያሳያሉ፤ ግን ሁሉም የሚቆዩት ለጥቂት ሰከንድ ነው፣ ለጉዞ ብላችሁ አትመኩባቸው። ቱሊፖች በሙሉ ያደክማሉ። አዙር ብሉየት ዓይን ያጨልማል። ሊሊ ኦፍ ዘ ቫሊ መርዝ ነው፣ የዊዘር ሮዝ ደግሞ ከእሱ ይብሳል። በሰርቨር ላይ የማታውቁት ሰው ሾርባ ቢሰጣችሁ አትብሉ።

ሌላም መንገድ አለው። ቡናማ ሙሽሩም ላም ካላችሁ ትንሽ አበባ አብሏትና በባዶ ሳህን እለቧት፣ የዚያን አበባ ሾርባ ትሰጣችኋለች። ቡናማዋን ለማግኘት ቀይዋን መብረቅ መምታት አለበት። መብረቅ የሚጠራ ቻነሊንግ የተባለ አስማት ያለበት ትራይደንት (ባለ ሦስት ጥርስ ጦር) ያለው ሰው ነጎድጓድ ጠብቆ ያደርገዋል።

ንብ እንዴት ላርባ? አበባው ምን ያህል መቅረብ አለበት?

ንብ ወደ ጌሙ የገባችው በ1.15 ነው፣ በ2019 መጨረሻ። ለእኔ ከዚያ በኋላ ነው አበባ ሙሉ ትርጉም ያገኘው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ንቧ ከቀፎ ትወጣለች፣ አበባ ላይ ትቆያለች፣ የአበባ ዱቄት ይዛ ትመለሳለች። ቀፎው በእያንዳንዱ ምልልስ አንድ ደረጃ ይሞላል። 5 ሲደርስ ማር ሲንጠባጠብ ታዩታላችሁ። ያኔ በባዶ ጠርሙስ ማር፣ በመቀስ ደግሞ 3 ሃኒኮም ትወስዳላችሁ። ሃኒኮም ከ6 ጣውላ ጋር አዲስ ቀፎ ይሠራል፣ ሻማም ይሠራል፣ መዳብ እንዳይዝግም ይቀባል። አንድ ቀፎ የሚይዘው 3 ንብ ነው። ማታና ዝናብ ሲሆን አይወጡም።

አበባውን ቀፎው አጠገብ ትከሉት። ርቆ ካለ ንቦቹ ጊዜያቸውን በመንገድ ይጨርሳሉ፣ አንዳንዴም ጠፍተው ይቀራሉ። እኔ የማደርገው የመስታወት ቤት ሠርቼ ውስጡ ቀፎና አበባ ብቻ ማስቀመጥ ነው፤ ጣሪያውም መስታወት ይሁን። በሁለቱ መካከል ስንዴ ወይም ካሮት ብትዘሩ የአበባ ዱቄት የያዘችው ንብ ከላዩ ስታልፍ እህሉን ታሳድገዋለች። የአበባው ዓይነት ለማሩ ለውጥ አያመጣም፣ ስለዚህ ንብ ከሚጎዱት ከአይብሎሰምና ከዊዘር ሮዝ በቀር ለዓይናችሁ ደስ የሚላችሁን ምረጡ።

ማር ከመቁረጣችሁ በፊት ከቀፎው ስር ካምፕፋየር ማድረግ አትርሱ። የአገራችን ንብ አርቢ ጭስ ሳያጨስ ቀፎ እንደማይነካው እዚህም ያው ነው። ጭስ ከሌለ ንቦቹ ይነድፋሉ፣ የነደፈች ንብ ደግሞ ብዙም ሳትቆይ ትሞታለች። የእናንተ ጉዳት በምግብ ይሞላል፣ የእሷ ግን አይመለስም።

ለማራባት ሁለት ንቦችን አንድ አንድ አበባ ስጧቸው። አበባ እጃችሁ ላይ ካለ ይከተሏችኋል፣ በዚህ መንገድ ከሩቅ አገር ይዛችኋቸው መምጣት ትችላላችሁ። የዱር ቀፎውን ከነንቡ ለማንሳት ሲልክ ተች የሚባል አስማት ያለው መሣሪያ ያስፈልጋል።

አካባቢያችሁ ላይ ምንም ንብ ከሌለ ደግሞ ራሳችሁ ማምጣት ትችላላችሁ። የኦክ ወይም የበርች ችግኝ ከአበባ በ2 ብሎክ ርቀት ውስጥ፣ በተመሳሳይ ከፍታ ትከሉ። እንዲህ ያደገ ዛፍ 5 በመቶ ዕድል አለው ቀፎ ይዞ ለመውጣት፣ ንቦቹም ከውስጡ ይወጣሉ። ትዕግሥትና ቦን ሚል ይጠይቃል፣ ግን ይሠራል። መንገድ ለመሄድ የማትሰለቹ ከሆነ ሜዶው ላይ ብቻውን የቆመ ዛፍ ፈልጉ፣ ቀፎ የማይኖርበት ጊዜ ብርቅ ነው።

አበባዬ ጠፋ። ማን ወሰደው?

ኤንደርማን የሚባለው ረጅም ጥቁር ፍጡር ሊሆን ይችላል፣ ትንንሽ አበባ ያነሳል። ሌላው ምክንያት ውሃ፣ ፒስተን ወይም እሳት ነው፤ አበባ ይቃጠላል፣ ላቫ አጠገብ አትትከሉት። በመረገጥ ግን አይጠፋም፣ እንደልባችሁ ሂዱበት።

ድሮ ሮዝ የሚባል ቀይ አበባ ነበር፣ የት ገባ?

በ2013 1.7.2 ሲወጣ በፖፒ ተተካ። በዚያው ዝማኔ ቱሊፖቹ፣ አሊየም፣ ብሉ ኦርኪድና ረጃጅሞቹ አበቦች ገቡ። ሮዝ የሚለው ስም ሮዝ ቡሽ ላይ ቀረ። ከዚያ በፊት ጌሙ ላይ የነበሩት አበቦች ቀዩና ቢጫው ናቸው ማለት ይቻላል፣ እነሱም ከ2009 የመጀመሪያዎቹ ሥሪቶች ጀምሮ ነበሩ። ለአሥር ዓመት ያህል ዘወር ብሎ ያላየው ሰው ዛሬ ሲመለስ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

ዊዘር ሮዝ እንዴት ይገኛል? ጥቁር ቀለም ፈልጌ ነበር።

ለጥቁር ቀለም ብላችሁ ከሆነ ተዉት፣ ስኩዊድ ግደሉና ቀለሙን ውሰዱ። ዊዘር ሮዝ የሚበቅለው ዊዘር የተባለው ባለ ሦስት ራስ አውሬ ሌላ ፍጡር ሲገድል ነው። አበባው ላይ የቆመ ሁሉ በዊዘር ጉዳት ይመነምናል፣ ፒስፉል በሚባለው ጭራቅ በሌለበት ደረጃ ላይ ካልተጫወታችሁ በቀር። ወተት ብትጠጡ ጉዳቱን ያቆመዋል።

ዋና ጥቅሙ ፋርም ላይ ነው። ኔዘርራክና ሶል ሳንድ ላይም ስለሚተከል ኔዘር በሚባለው የእሳት ዓለም ውስጥ ይመቻል፣ ዊዘር ስኬሌተንን ደግሞ አይጎዳውም። የራስ ቅል የሚሰበስቡ ሰዎች ሌላውን ፍጡር እየገደለ ዊዘር ስኬሌተኑን ብቻ እንዲያስቀርላቸው ይጠቀሙበታል። መልኩን ወዳችሁ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ የአበባ ማሰሮ ውስጥ አድርጉት፣ እዚያ ሆኖ ማንንም አይጎዳም።

ቶርችፍላወር ያበራል? ፒቸር ፕላንትስ የት ነው ያለው?

ቶርችፍላወር ችቦ ይመስላል እንጂ አያበራም። ጭራቅ ይከለክልልኛል ብላችሁ ዙሪያችሁን አትትከሉት።

ሁለቱም ዱር ውስጥ አይበቅሉም። በ2023 በ1.20 ከስኒፈር (ዘር አሽትቶ ከሚቆፍር እንስሳ) ጋር ነው የመጡት። መጀመሪያ ሞቃት ውቅያኖስ ስር ያለ ፍርስራሽ ፈልጉ፣ ሰስፒሽየስ ሳንድ የሚባለውን አሸዋ በብሩሽ እየጠረጋችሁ የስኒፈር እንቁላል አውጡ። እንቁላሉ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፣ ሞስ ብሎክ ላይ ከተቀመጠ ግን 10 ደቂቃ። ያደገው ስኒፈር መሬት እያሸተተ የሁለቱን ዘር ይቆፍራል። ዘሩን የታረሰ መሬት ላይ ትዘሩታላችሁ። ሲደርስ አበባውን ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ዘር አይመልስም። ቦን ሚልም የደረሰውን አያበዛውም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት የቶርችፍላወር ዘሮች አትዝሯቸው፣ ሁለት ስኒፈር ካላችሁ ለእነሱ አብሏቸው። የሚራቡት በእሱ ነው፣ መንጋው ሲበዛ ዘሩም ይበዛል።

አይብሎሰም ማታ ለምን ይለወጣል?

ተፈጥሮው ነው። በ2024 መጨረሻ በ1.21.4 ፔል ጋርደን ከሚባለው የነጣ ጫካ ጋር የመጣ አበባ ነው። ቀን ተዘግቶ ግራጫ ይሆናል፣ ማታ ተከፍቶ ብርቱካናማ ዓይን ያወጣል። የሚሰጠው ቀለምም በዚያው ይለያል፤ ለግራጫ ቀን፣ ለብርቱካናማ ማታ ቁረጡት። አንዱ ሲከፈት አጠገቡ ያሉትም ተከትለው ይከፈታሉ፤ ግቢ ውስጥ በብዛት ተክላችሁ ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት ደስ ይላል። ንብ ካላችሁ ግን አርቁት፣ ይመርዛቸዋል።

አደይ አበባ መሥራት ፈልጌ ነበር። የሚመስለው የትኛው ነው?

ይህ ጥያቄ በጣም ደስ ይለኛል። ራሱ አደይ የለም፣ ግን ሁለት ጥሩ አማራጭ አለ። አንደኛው ዳንዴሊየን ነው፣ ከሩቅ ሲታይ መስከረም ላይ ያለ ሜዳ ይመስላል። ሁለተኛውና የተሻለው በ2025 በ1.21.5 የመጣው ዋይልድፍላወርስ ነው። በርች ጫካና ሜዶው ላይ ይገኛል፣ ቢጫና ነጭ ተቀላቅሎ መሬት ላይ ይነጠፋል፣ እንደ ፒንክ ፔታልስ በአንድ ብሎክ እስከ 4 ይደራረባል፣ በቦን ሚልም ይበዛል።

ለእንቁጣጣሽ ግቢ የምትሠሩ ከሆነ ሁሉንም ብሎክ በአራት አትሙሉት። አንዱ ላይ አንድ፣ አንዱ ላይ ሦስት እያደረጋችሁ፣ ከመካከል ዳንዴሊየንና አጭር ሳር ጣል ጣል አድርጉ። ተዳፋት ላይ ከሜዳ የበለጠ ያምራል።

ሰንፍላወር ለምን አንድ ወገን ብቻ ያያል?

ሁልጊዜ ወደ ምሥራቅ ነው የሚያየው። ኮምፓስ ሳይኖራችሁ ከጠፋችሁ ይጠቅማል። ቤት ፊት ስትተክሉም ይህን አስቡ፣ በሩ ወደ ምዕራብ ከሆነ ከውጭ ስትመጡ ጀርባውን ነው የምታዩት።

ማሰሮ ውስጥ ሁሉም አበባ ይገባል?

አይገባም። ማሰሮው ከ3 ሸክላ ጡብ ይሠራል፣ የሚይዘው አንድ ብሎክ ከፍታ ካላቸው አብዛኞቹን ነው። ሮዝ ቡሽ፣ ላይላክ፣ ፒዮኒ፣ ሰንፍላወርና ፒቸር ፕላንት አይገቡም። ለቤት ውስጥ የምመርጠው ኮርንፍላወርና ብሉ ኦርኪድ ነው፣ ሁለቱም የእንጨት ግድግዳ ፊት ጎልተው ይታያሉ።